ወንዝ ዳር ያለ እርሻ ላይ ግንባታ ሊጀመር ነው፤ የዱር እንስሳት ጥናቱ ላይ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንዝ ዳር ያለ የእርሻ መሬት ላይ ቤቶች ሊሠሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እንስሳት እንደሚኖሩበት አጥንቼ ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ። አሠሪዎቹ ግን በበጋ፣ በቀን፣ አንዴ አይተህ ጨርስ እያሉኝ ነው። ግራ ገባኝ።

የታረሰው መሃሉ ብዙም አያሳስበኝም። ጉዳዩ ዳር ዳሩ ነው። ቀጥ ያለው የወንዙ አፋፍ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከሥራቸው ነጭ የወፍ ኩስ ወርዷል፣ ስለዚህ አፈር ቆፍረው የሚፈለፍሉ ወፎች ሳይኖሩበት አይቀርም። አንድ ያረጀ ዛፍ ደግሞ ግንዱ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ የአይጥ የሚመስል ጥቁር ፍግ አገኘሁ። በጓንት ጨፍልቄ ሳየው ዱቄት ሆነ። የአይጥ ቢሆን እንዲህ አይፈረፈርም፣ የሌሊት ወፍ ነው የሚመስለኝ። ይሄ ዛፍ ደግሞ በፕላኑ ላይ መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው!

ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚያቁር ረባዳ ቦታም አለ። አሁን ደረቅ ነው፣ እንቁራሪት አይታይበትም፤ ያ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ ሲመሽ ዛፉን ስንት ጊዜ ልጠብቀው? የሌሊት ወፎቹን ድምፅ መቅጃ ከሌለኝ፣ ከዛፉ ሲወጡ በዓይን መቁጠር ይበቃል? ከወንዙ ስንት ሜትር ሳይነካ ይቅር ልበል፣ አዲሱ መንገድ ላይ የሚተከለው መብራት እንስሳቱን እንዳይረብሽስ ጨምሬ ላስላ? ከሁሉም በላይ፣ የአንድ ቀን ጉብኝት እንደማይበቃ ሪፖርቱ ላይ በምን ቃል ልጻፈው? ዛፉ ከመቆረጡ በፊት መልስ ብትሰጡኝ ትልቅ ውለታ ነው።