ዓይነ ስውር ወንድሜ ማራኪ ግቢ ሊገባ ነው፤ ግቢውን እንዴት ላስለምደው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ማራኪ ግቢ ሊገባ ነው። ያደገው ደባርቅ ነው፣ እዚያ ሰፈሩን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፣ ያለ ሰው ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ሁሉም አዲስ ነው። እኔ የምኖረው አዘዞ ስለሆነ በየቀኑ ልደርስለት አልችልም፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቀን አብሬው ልሁን ብያለሁ። ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ካፌ እያመላለስኩ ላስጠናው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ነጭ በትር አለው፣ ግን "ሰው ያየኛል" እያለ አይዘውም። የምታውቁ እባካችሁ።

የቀድሞ ተማሪ፦ እህቴ፣ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ የተማርኩትም እዚሁ ጎንደር ነው። እባክሽ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ቦታ እንዳታዞሪው። ክንድሽን ይዞ ከሄደ መንገዱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አንድ መነሻ ይኑራችሁ፣ የዶርሙ በር ይሁን። ከዚያ አንድ ቦታ ይሂድና ወደ በሩ ይመለስ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። መመለሷን አትዝለሏት፣ ምክንያቱም ሲመለሱ በቀኝ የነበረው ቱቦ በግራ ይሆናል፣ ቁልቁለቱም ዳገት ይሆናል፣ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ቦታ፣ እንደገና ወደ በሩ። ሁለቱን ሲለምድ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሞክር። ያኔ ግቢው ጭንቅላቱ ውስጥ መሳል ይጀምራል።

ዶርሙን ደግሞ ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ፣ በሩ ጋ እስኪመለስ ይዙረው። አልጋው፣ ሎከሩ፣ መስኮቱ፣ ሶኬቱ በተራ ይመጡለታል። ከዚያ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተሻገረ መሃሉን ይፈትሽ። በእጅ ጀርባ ያልኩት ምስማር ወይ ስንጥር ቢኖር የጣቱ ጫፍ እንዳይቆረጥ ነው፣ ብሬል የሚያነበው በእሱ ነዋ።

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ በደንብ ተናግሮታል። እኔ የምጨምረው ስለ ምልክት ነው። ልጁ የሚይዘው ምልክት ሁልጊዜ እዚያው የሚገኝ መሆን አለበት። ደረጃ፣ የቱቦ ብረት ክዳን፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልት የሚጀምርበት ቦታ፣ መሬቱ ማዘንበል የሚጀምርበት ቦታ። የቡና ሽታና የካፌ ጫጫታ ይረዱታል፣ ግን እነሱን ብቻ አምኖ እንዳይታጠፍ፤ የተዘጋ ቀን ምን ሊይዝ ነው? የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም ነፋስ እየወሰደው ያሳስታል። ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉንም ድምፅ ይውጠዋል፣ ያን ቀን የሚያድነው ከእግሩና ከበትሩ ስር ያለው ነገር ነው።

የበትሩ ቁመት መሬት ላይ ሲቆም እስከ ደረቱ አጥንት ይድረስ። ቀኝ እግሩ ሲራመድ በትሩ ግራ ይንካ፣ ግራ እግሩ ሲራመድ ቀኝ። ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ የሚፈትሽለት እንዲህ ነው።

ባጃጅ ነጂ፦ "ሰው ያየኛል" ላለው፣ ወንድሜ ይዩህ! በትሩን ሳይ ነው ፍጥነት የምቀንሰው። ያለ በትር የቆመን ሰው ታክሲ የሚጠብቅ ነው የምንለው። ሌላው፣ ከባጃጅ ሳይወርድ "ፊቴ ወዴት ነው? ቱቦው በየት በኩል ነው?" ብሎ ይጠይቅ። "እዚያ ጋ" ካሉት ቀኝ ወይ ግራ እስኪሉት ድረስ አይልቀቃቸው።

ሌላ አባል፦ እርምጃውን ቢቆጥርስ? አክስቴ በዚያ ነው የምትሄደው።

የቀድሞ ተማሪ፦ ለኮሪደር ጥሩ ነው። ጎንደር ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ስትወጣና ስትወርድ የእርምጃህ ርዝመት ይለያያል። መሃል ላይ አንድ ሰው ሰላም ካለህ ደግሞ ቁጥሩ በቃ ጠፋ።

የፒያሳ ልጅ፦ እኔም አላይም። ከግቢ ውጭ ስትወጡ ፒያሳን ከፋሲል ግንብ አጥር ጀምሩለት። ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፣ አንዱ ጎን ብቻ ለልምምድ ይበቃል። ድንጋዩ ሸካራ ስለሆነ በበትር ሲነካ ድምፁ ይለያል። ከአጥሩ አጠገብ ምላሱን ጠቅ ያድርግ፣ ድምፁ ቶሎ ይመለስለታል፤ በር ላይ ሲደርስ ግን መመለሱ ይቀርና ክፍት ቦታ እንዳለ ያውቃል። ይህን አንዴ ከያዘ ሌላ ቦታም ይሠራለታል። ስልኩ ላይ ቶክባክ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን) ከፍቶ ጎግል ማፕ መጠቀም ይችላል፣ መንገዱን ይነግረዋል፣ የክላሱን በር ግን አያገኝለትም። ብቻ ሁለቱንም ጆሮውን በኢርፎን እንዳይደፍን።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ በትሩ እሺ ብሏል። የዶርም ጓደኞቹንስ ምን ልበላቸው?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ ሲመሩት እጁን ይዘው አይጎትቱት። እሱ ክንዳቸውን ከክርናቸው ከፍ አድርጎ ይይዝና ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይከተላል። የራሱን ዕቃ ሳይነግሩት አያንቀሳቅሱበት፣ ሻንጣ መተላለፊያ ላይ አይተዉ። በሩን ደግሞ ወይ ጥርቅም አድርገው ይዝጉት፣ ወይ እስከ ግድግዳው ድረስ ይክፈቱት። ገርበብ ያለ በር በትሩን አልፎ ግንባር ነው የሚመታው።