ኮርኒሳችን ውስጥ የሌሊት ወፍ አለ፤ ላጭስባቸው ወይስ ልተዋቸው?

የሁለት ልጆች አባት (ጅማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር መምህር ነኝ። ቤቱ የቆየ ጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሲል የሌሊት ወፎች ከጣሪያው ጠርዝ ስር አንድ በአንድ ይወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ደጅ ቆመን ቆጠርናቸው። 64 ላይ ስንደርስ መሸብን።

እስከ ቅርብ ጊዜ ብዙም አላስጨነቁኝም። ሽታቸው አለ። ሌሊት ይንጫጫሉ። ኮርኒሱ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ጥቁር ኩስ ይጠራቀማል። ከዚያ በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባል ገዳይ የቫይረስ በሽታ ገባ ሲባል ሰማን፤ የሌሊት ወፍ ስሙ በየቤቱ መነሳት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን ላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሌሊት ወፍ ሲይዙ አየሁ። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ቱታ ለብሰዋል። መነጽር፣ ጭንብል፣ ድርብ ጓንት አድርገዋል። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ያለውን ኩስ አፍንጫዬን እንኳን ሳልሸፍን በመጥረጊያ አራግፌው ነበር።

ትናንት የ6 ዓመት ልጄ ደጅ ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ አገኘች። በሁለት እጇ አቅፋ ይዛት መጣች። «አባዬ፣ ታማለች፣ ውሃ እንስጣት» አለችኝ። ወዲያው አስጣልኳትና እጇን አስታጠብኳት። ንክሻ አላየሁም።

ጎረቤቴ «በርበሬ አጭስባቸው፣ በአንድ ቀን ይለቁልሃል» ይሉኛል። አከራዬ ደግሞ መርዝ እናስረጭ ይላሉ። እነዚያ ሰዎች እንደዚያ የሚለብሱት ምን አይተው ነው? እኔስ ልጆቼን ይዤ ከነዚህ በታች መተኛቴ ልክ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ ነኝ (ጅማ)፦

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ለነገ አቆየውና ልጅቷን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ንክሻ አላየሁም ብለህ እንዳትቀመጥ። የነዚህ ጥርስ እንደ መርፌ ጫፍ ነው፤ ቢነክሱም ምልክቱ ላይታይ ይችላል። የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ የነካ ሰው ለእብድ ውሻ በሽታ ተጋልጧል ተብሎ ነው የሚታየው። ከመውጣትህ በፊት እጇን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠባት። ሰዓት ይዘህ እጠባት፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው።

ወላጆች «ውሻ አልነከሳት፣ ምን ያስኬደናል» ብለው የሚቀሩት ነገር ልቤን ያቆስለዋል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ክትባት አለ። ስትደርስ «የሌሊት ወፍ በእጇ ይዛ ነበር» ብለህ በግልጽ ተናገር። «እንስሳ ነካች» ብቻ ብትል ላይገባቸው ይችላል።

የሁለት ልጆች አባት፦

እሺ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥቤያት እየወጣሁ ነው።

የመርካቶ ልጅ (ጅማ)፦

መምህር፣ ልጅቷን ይዘው መውጣትዎን ሳይ እፎይ አልኩ። ስለ ነጩ ቱታ እኔ ልንገርዎ። ለብሼዋለሁ።

ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ጀርባ ነው። ከዚያ ከሀገር ውጭ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ 3 ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ የሌሊት ወፍ ናሙና መሰብሰብና መመርመር ነበር።

ማታ ማታ ዋሻ አፍ ላይ ወይም ዛፍ መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነ መረብ እንዘረጋለን። ከመረቡ ዓይን አይነቀልም፤ የተያዘችው ከቆየች ክንፏ ይጎዳል። ስናወጣት ወደ ጨርቅ ከረጢት ትገባለች፤ ከረጢቷ ሚዛን ላይ ትንጠለጠላለች። መጀመሪያ የመዘንኳት 11 ግራም ነበረች። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። በድርብ ጓንት እንኳን ልቧ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ምቱ አይቆጠርም፣ ንዝረት ነው። ጆሮዋ ከመሳሳቱ የተነሳ የባትሪው ብርሃን ያልፍበታል፤ የደም ሥሩ አንድ በአንድ ይታያል። አፏን በልቅጣ ትጮኻለች። ከጩኸቷ የሰው ጆሮ የሚሰማው ጥቂቱን ነው።

ከዚያ በጥጥ ጫፍ ምራቋን እንወስዳለን፣ ከኩሷም እንወስዳለን፣ እንለቃታለን። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ትነክሳለች፣ ትሸናለች፣ ምራቋ ይረጫል። ፊታችን ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። ይህን በአንድ ሌሊት 40 እና 50 ጊዜ እናደርገዋለን። ቱታው ለዚህ ነው። ማታ ከራስዎ በላይ በርራ ለምታልፈው ማንም ቱታ አይለብስም። አንድ ሌላም ምክንያት አለ፤ እኛም የራሳችንን በሽታ እንዳናስይዛት ነው። በኮሮና ጊዜ ይህ በጣም ያሳስበን ነበር።

ናሙናው እንዳይበላሽ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል፤ ላብራቶሪ ሲደርስ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። ለምርመራ ሲወጣ መጀመሪያ የምንሠራው ቫይረሱን መግደል ነው። የሚጨመርበት ኬሚካል የቫይረሱን ቅርፊት ያፈርሰዋል፤ አር ኤን ኤው፣ ማለት የዘር መመሪያው ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እጃችን ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ አይጋባም። ሕያው ቫይረስ ማሳደግ ሌላ ሥራ ነው። ማርበርግ ከሆነ የሚፈቀደው በመጨረሻው፣ በ4ኛ ደረጃ ጥብቅ ላብራቶሪ ብቻ ነው።

ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ፣ ፒሲአር ላይ ሲገባ ከናሙናዎቹ ጋር አንድ ንጹህ ውሃ አብሮ ይገባል። ውሃው «ቫይረስ አለብኝ» ካለ የሆነ ቦታ ነካክተናል ማለት ነው፤ ያ ዙር በሙሉ ይጣላል። አንድ ጊዜ ደረሰብኝ። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ነበር። ማሽኑ ላይ የውሃዋ መስመር ቀስ እያለች ሽቅብ ስትወጣ ቆሜ አየኋት፤ አለቀስኩ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርን። ይህን የምነግርዎ «የሌሊት ወፍ ላይ ቫይረስ ተገኘ» የሚል ዜና ሲሰሙ ከበስተኋላው ስንት ማጣራት እንዳለ እንዲያውቁ ነው።

የብዙው ቀን ውጤት ባዶ ነው። ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ፊደል ያላት ቁራጭ ናት። ቁራጭ ተገኘ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴራሊዮን ውስጥ በሰው ቤት ጣሪያ ስር ከሚኖሩ ትንንሽ የሌሊት ወፎች ላይ ቦምባሊ የተባለ አዲስ የኢቦላ ዘመድ ተገኘ። እንደ እርስዎ ቤት ማለት ነው። ስሙ ያስደነግጣል። ሰው ማሳመሙ ግን እስካሁን አልታየም።

ማርበርግን የሚሸከመው ሌላ ነው፤ የግብፅ ፍሬ በሊታ የሚባለው ትልቁ የሌሊት ወፍ። መኖሪያው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ነው። ቆርቆሮ ስር የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ነፍሳት የሚበሉት ትንንሾቹ ናቸው። እርስዎ በሩዝ ፍሬ የመሰሉት ኩስም የነሱን ይመስላል።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ። እዚህ ላይ እባክዎ ይስሙኝ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዩጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች በማርበርግ ተያዙ። ተመራማሪዎች ገብተው ወፎቹን ሲመረምሩ ከ100 ውስጥ 5 ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። ከዚያ የጉድጓዱ ሰዎች ወፎቹን ፈጇቸው። በእርግጥም ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በአቅራቢያው ባለው ኢባንዳ በሽታው ተነሳ። ተመልሰው ሲገቡ ወፎቹ በጥቂቱ ተመልሰዋል። ቁጥራቸው ከድሮው እጅግ ያነሰ ነው። ቫይረሱ ያለባቸው ግን ከ100 ውስጥ 13 ሆነዋል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ቦታው ባዶ ሲሆን በሽታውን ያላዩ ወፎች ከሌላ ቦታ ይገባሉ፤ ቫይረሱ እንደ አዲስ ይቀጣጠልባቸዋል። ይህን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዎቹ ልጆቻቸውን ለማዳን ብለው ነበር የፈጇቸው።

በርበሬ ሲያጨሱባቸው ደግሞ ሁሉም በደህና አይወጣም። የታፈነው ይወድቃል። የሚወድቀው ልጆችዎ የሚጫወቱበት ደጅ ላይ ነው። መርዙም እንደዚያው።

ለልጅዎ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ ቫይረሶች ተመርምረው ነበር። ከነሱ ሁለቱ የተለመደው ቫይረስ አልነበሩም፤ ዘመዶቹ ነበሩ። አንደኛው መጀመሪያ ናይጄሪያ ውስጥ ከሌሊት ወፍ የተገኘው የሌጎስ ቫይረስ ነው። ክትባቱ እነዚህን ዘመዶች እንደ ዋናው አጥብቆ እንደማይከላከል በላብራቶሪ ታይቷል። ክትባቱን ያስጨርሷት፤ ዋናውን በደንብ ይከላከላል። ከዚህ በኋላ ግን ዋናው ነገር አለመንካት ነው።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ማታ ቆሜ የሚወጡበትን ቀዳዳ ሁሉ እለያለሁ። በቀዳዳው ላይ ከላይ ብቻ የተሰፋ፣ ከታች ልቅ የሆነ የፕላስቲክ ወንፊት አንጠለጥላለሁ። ተንሸራትተው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ መግቢያ ያጣሉ። ከሳምንት በኋላ ማንም አለመውጣቱን አይቼ በሲሚንቶ ወይም በሽቦ ወንፊት እደፍናለሁ። ይህ የሚደረገው መብረር ያልጀመሩ ልጆች ከሌሉ ብቻ ነው። ካሉ እናቶቹ ውጭ ይቀራሉ፤ ልጆቹ ከራስዎ በላይ ይሞታሉ፣ ይሸታሉ።

ኩሱን ደረቁን አይጥረጉ። አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖር ይችላል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ጓንት አድርገው፣ በረኪና ያለበት ውሃ ይርጩበት፤ ሲርስ ይፈሱት። ማዳበሪያው ግን ቢቀየር ይሻላል።

የጌራ ቡና አምራች፦

ልጄ ተባረኪ። እኛ ጋ ሲምቢራ ሃልካኒ ነው የምንላት፣ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። የኛዎቹ ትላልቆቹ ናቸው። ሾላው ሲበስል ሌሊቱን ሙሉ ዛፉ ይንጫጫል። በየቦታው ሾላ የሚበቅለው እነሱ ፍሬውን ስለሚዘሩት ነው፤ ቡናዬ የቆመበት ጥላ ከነሱ ነው ብዬ ነው የማምነው። አጥፉልኝ አልልም። ግን የልጅ ልጆቼ ጠዋት ከዛፍ ስር ወፍ የነከሰውን ማንጎና ዘይቱን ለቅመው ይበላሉ። ክፉውን ቆርጠን እንጥላለን። ይበቃል?

የመርካቶ ልጅ፦

አባቴ፣ አይበቃም። ጥርስ ያረፈበት ፍሬ በሙሉ ይጣል። ያልተነከሰውም ይታጠብ፣ ቢላጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሰዎች ከተምር ዛፍ የሚፈስ ጣፋጭ ጭማቂ ሌሊት በማሰሮ ይቀዳሉ። ፍሬ በሊታዎቹ እየመጡ ይልሱታል፣ ይሸኑበታል። ጥሬውን የጠጡ ሰዎች ኒፓ በሚባል ቫይረስ ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ ከጭማቂ ቀጂዎቹ ጋር ሆነው የሞከሩት ዘዴ ከቀርከሃ የተሠራ መሸፈኛ ነው። ዛፉ ላይ ጭማቂው የሚፈስበትን ይከልሉበታል፤ ወፏ እዚያ አትደርስም። እርስዎም እንደዚያው ነው። ዛፉንም ወፏንም ሳይነኩ፣ ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ትልቅ ሰው የወደቀውን ይልቀመው።

የሁለት ልጆች አባት፦

ትናንት ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከን። ነርሷ እንዳለችው በግልጽ ተናገርኩ። የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች። የቀጠሮውን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስትወጋ አላለቀሰችም፤ «ወፏ ውሃ ጠጣች?» ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

አከራዬ መርዙን ትተዋል። የኪታካን ታሪክ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። የወንፊቱን ግማሽ እኔ፣ ግማሹን እሳቸው እንድንችል ተስማማን። ማታ ሦስታችን ቆመን ቀዳዳዎቹን ለየናቸው፤ አራት ናቸው፣ ሁሉም በምሥራቁ በኩል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ልጆች መኖራቸውን በምን አውቃለሁ?

የመርካቶ ልጅ፦

ቀን ላይ ኮርኒሱን በአንድ በኩል ገለጥ አድርጎ በባትሪ ማየት ነው። ፀጉር የሌላቸው፣ ቆዳቸው ሮዝ የሚመስል ትንንሾች እናታቸው ሆድ ላይ ተጣብቀው ይታያሉ። ብቻዎን አይግለጡት። እሑድ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ጓንትና ጭንብል ለሁለታችን ይዤ እመጣለሁ። መሰላል ከጎረቤት ይዋሱ። ልጅቷ ከታች ሆና ባትሪውን ታቀብለን፤ እንዳትነካ ግን አሁኑኑ ይንገሯት።