ዲስከሶቼ ውሃ በተቀየረ ምሽት ይጠቁራሉ፤ ፒኤቹ አንድ ቦታ አልቆም አለ

ሰማያዊ ክንፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። 240 ሊትር አኳሪየም ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ 6 ዲስከሶች (የአማዞን ጌጥ ዓሦች) አሉ። ካኒስተር ፊልተር (ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ማጣሪያ)፣ ስፖንጅ ፊልተርና ባለ 300 ዋት ሂተር አለው፤ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ነው። ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃውን የምቀይረው በሳምንት አንዴ፣ ግማሹን ነው። ከመቀየሩ በፊት ሲለካ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) 6.2፣ ኬኤች (አሲድን የሚያለዝበው የካርቦኔት መጠን) ከ1 በታች፣ አሞኒያ 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 40። የቧንቧው ፒኤች 7.6፣ ኬኤች 4 ነው። ከተቀየረ በኋላ ፒኤቹ 7.4 ይደርሳል። በዚያው ምሽት ዓሦቹ ይጠቁራሉ፣ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይይዛሉ። ፒኤች መቀነሻ ፈሳሽ ልግዛ?

ባለበርሜሉ፦
አትግዛ ወንድሜ። መቀነሻው አሲድ ነው፤ የሚጨርሰውም ያቺኑ የቀረችህን ኬኤች ነው።

ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ አሲድ ያመነጫሉ፤ ለ1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7 ግራም ገደማ አልካሊኒቲ (ኬኤች የሚለካው ነገር፤ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ) ያልቃል። ኬኤች ሲሟጠጥ ፒኤች ይወርዳል፤ ፒኤች ወደ 6 ሲጠጋ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይዳከሙና አሞኒያ ይጠራቀማል። ዓሦቹ ግን ደህና ይመስላሉ፤ በ6.2 አሞኒያው ከሞላ ጎደል ሁሉ ብዙም የማይጎዳ አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣልና። ግማሹን ቀይረህ በአንዴ 7.4 ስታደርሰው መርዛማው ድርሻ 16 እጥፍ ያህል ያድጋል። ጠቅላላ አሞኒያው በግማሽ ቢቀንስም ዓሦቹን የሚያገኛቸው መርዝ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። የሚያጠቁራቸው ይኼ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ቀን ምግብ አቁም። በቀን 24 ሊትር ብቻ ቀይር፣ አሞኒያን የሚያስር ኮንዲሽነር (የውሃ ማስተካከያ ፈሳሽ) ለጠቅላላው 240 ሊትር ጨምር፣ በየቀኑ ለካ። ፒኤቹ ቀስ ብሎ ሲወጣ ባክቴሪያዎቹም ይነቃሉ። አሞኒያ 0 ከሆነ በኋላ በሳምንት ሦስት ጊዜ 60 ሊትር በቂ ነው። ኬኤች ከ2 በታች ከወረደ ቤኪንግ ሶዳ ጨምር፦ በ100 ሊትር 3 ግራም ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያነሳል፣ ላንተ 7 ግራም መሆኑ ነው። በቀን ከ1 ዲግሪ አትለፍ፤ አሞኒያ እያለ ደግሞ ጨርሶ አትጨምር፣ ፒኤቹን ያስፈነጥረዋል። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን፤ እሱ አሲድና ስታርች ያለበት ነው።

ፒኤቹ 7.3 ላይ ቢቆም አትጨነቅ። እርባታ ላይ የተፈለፈሉ ዲስከሶች በዚህ ደህና ያድጋሉ። ለስላሳና አሲዳማ ውሃ የሚያስፈልገው ከአማዞን ለተያዙትና እንቁላል ለማስፈልፈል ነው።

የአቃቂ ጉድጓድ፦
በላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን በየቀኑ 24 ሊትር ከየት ይመጣል? በርሜል ያስፈልጋል። ምግብ የሚያዝበት 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ውሃ በመጣ ቀን ሙላ፣ የአየር ድንጋይ (የፓምፕን አየር ወደ አረፋ የሚቀይር) ክተትበት፣ 24 ሰዓት አረፋ ይንፋበት። ክሎሪኑ ይወጣል። ከተቸኮለ ክሎሪን የሚያጠፋው ሶዲየም ታዮሰልፌት በ100 ሊትር 1 ግራም ይበቃል።

ፒኤች የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውሃ ነው፤ ከአቃቂ የሚመጣው ደግሞ የጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። ቧንቧው ስር 7.2 ያሳየ ውሃ አየር ሲያገኝ ጋዙ ይወጣና 8 ሊደርስ ይችላል። ስርጭቱ ሲቀያየር ኬኤቹም ይቀያየራል፤ እያንዳንዱን በርሜል ለካ።

ከማፍሰስህ በፊት 29 ዲግሪ አድርሰው። 100 ሊትር ከ18 ወደ 29 ለማድረስ ባለ 300 ዋት ሂተር 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አኳሪየሙ ላይ ግን ከአንድ 300 ሁለት ባለ 150 ይሻላል፤ አንዱ እንደበራ ቢቀር ብቻውን ዓሦቹን አይቀቅልም፣ ቢሞትም ሌላው ውሃው ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ይይዘዋል።

ሜሪላንድ ነኝ፦
አሜሪካ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውሃው በአብዛኛው የሚታከመው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው። እሱ በርሜል ውስጥ ስላደረ አይወጣም። ታዮሰልፌት ብቻውን ክሎሪኑን ሰብሮ አሞኒያውን ይለቀዋል፤ ሁለቱንም የሚይዝ ኮንዲሽነር የግድ ነው።

ሰማያዊ ክንፍ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መብራት 6 እና 7 ሰዓት ሲጠፋስ?

ባለበርሜሉ፦
መጀመሪያ አየር። በ29 ዲግሪ ባህር ጠለል ላይ ያለ ውሃ 7.7 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን 6 እንኳ አይሞላም። ቀድሞውኑ ጠባብ ነው። ስፖንጅ ፊልተሩን በባትሪ በሚሠራ የአየር ፓምፕ አስኪድ፤ ምግብ አትስጥ።

ለሙቀቱ ሦስቱን ጎንና ክዳኑን በብርድ ልብስ ሸፍን፣ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተው። 60 ዲግሪ ውሃ የያዘ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ብታንሳፍፍ 240 ሊትሩን ሩብ ዲግሪ ያነሳል፤ አራት ሃይላንድ አንድ ዲግሪ ማለት ነው። ከ26 በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቅ።

ካኒስተሩን ግን መብራት እንደመጣ ዝም ብለህ እንዳታበራው። ለሰዓታት ተዘግቶ ሲቆይ ውስጡ ኦክሲጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ የተበላሸው ውሃ በአንዴ ዓሦቹ ላይ ይገፋል። ክፈተው፣ ያለውን ውሃ ድፋው፣ ስፖንጁንና ሴራሚኩን ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ለቅለቅ አድርገህ መልሰው። የቧንቧ ውሃ እንዳይነካው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት አሞኒያና ናይትራይት ለካ፤ ከ0 ካለፈ ወደ 24 ሊትሩ ተመለስ።