ውርስ አጣሪ የሆነው ወንድሜ ሒሳብ አላሳይም አለ፤ ምን ላድርግ?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ሳሪስ ሰርቪስ ቤቶች ያሉት ግቢ፣ አንድ ፒክአፕ መኪና እና ባንክ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ትተዋል። አምስት ልጆች ነን። ተስማምተን ታላቅ ወንድማችንን ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ አድርጎ ሾመው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። የሰርቪሶቹን ኪራይ እሱ ይሰበስባል። መኪናውንም ሸጧል፤ በስንት እንደሸጠው ግን አናውቅም። ስጨቀጭቀው የአንድ ደብተር ገጽ ፎቶ በዋትስአፕ ላከልኝ። ሲሚንቶ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ለተዝካር በሬ፣ ልዩ ልዩ ይላል። ከሁሉም የሚበልጠው «ልዩ ልዩ» ነው! ደረሰኝ ስለው፣ «የሾመኝ ፍርድ ቤት ነው፤ ለአንቺ መልስ አልሰጥም» አለኝ። እውነቱን ነው? ወንድሟን ከሰሰች መባሉንም አልፈልግም።

ያራዳው፦
እህቴ፣ ወንድምና እህት ችሎት ከተያዩ በኋላ በዓል አብሮ መዋል ይቀራል። ሽማግሌ ላኩበት። ታላቅ አይደል? ይሉኝታ ይይዘዋል።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ሽማግሌው ይሂድ፤ መዝገቡም ጎን ለጎን ይንቀሳቀስ። ወንድምሽ ግማሹን እውነት ተናግሯል። የሾመው ፍርድ ቤት ስለሆነ ሒሳቡንም እዚያ ማቅረብ ግዴታው ነው። የሚያቀርበው ሥራውን ሲጨርስ፣ ወይም ከወራሾቹ ጋር በተስማሙበት ወይም ፍርድ ቤቱ በቆረጠለት ቀን ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 956 ሥራውን ይነግረዋል። ኑዛዜ መኖሩን ይፈልጋል፣ ወራሾቹን ይለያል፣ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ መክፈያው የደረሰ ዕዳ ይከፍላል። ኪራዩ የውርሱ እንጂ የእሱ አይደለም። መኪናውን ለምን እንደሸጠ ያስረዳ፣ ውሉንም ያምጣ። ቤቱን ግን ሁላችሁም ካልተስማማችሁ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ መሸጥ አይችልም። በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ለጎደለው በግሉ ይጠየቃል። «ልዩ ልዩ» የሚባል ወጪ ዳኛ ፊት አያልፍለትም።

በሬው ላይ ልምጣ። የቀብር ወጪ ከውርሱ ሀብት በቅድሚያ ይከፈላል። ቁጥር 1015 ግን ተዝካር እዚያ ውስጥ እንደማይገባ ለይቶ ጽፏል። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው። ሁላችሁም ፈቅዳችሁ ከነበረ ምንም አይደል፤ ካልፈቀዳችሁ ከውርሱ ላይ አይቀንሰውም።

አዲስ ክስ አያስፈልግሽም። አጣሪው በተሾመበት መዝገብ ቁጥር፣ «ሪፖርቱን በተወሰነ ቀን ያቅርብልን» የሚል አቤቱታ ይጻፋል። መዝገቡ ተዘግቶ ከሆነም እንዲንቀሳቀስ ይጠየቃል። እምቢ ካለ እንዲሻር ታመለክታላችሁ።

የሳሪስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ፍርድ ቤት ሪፖርቱን ካጸደቀው በቃ አለቀ ማለት ነው? ውክልናስ ከዚህ እንዴት ይላካል?

ቨርጂኒያ፦
ለውክልናው እኔ ልንገርሽ። ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ትፈርሚያለሽ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። እዚያ ካሉት እህት ወንድሞችሽ አንዱን ወክይ። ጠበቃ የመወከል ሥልጣንም ይጨመርበት፤ አለበለዚያ እንደገና ኤምባሲ መሄድሽ ነው።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
አላለቀም። ሪፖርቱ ሲቀርብ ወራሾች አይታችሁ መቃወሚያ ታቀርባላችሁ። ቢጸድቅም ማስረጃ ይሆናል እንጂ ንብረቱ ተከፋፈለ ማለት አይደለም። በክፍፍሉ ካልተስማማችሁ እሱ ራሱን የቻለ ክስ ነው። የአባታችሁን ጡረታ ግን ሒሳብ ውስጥ አላስገባም ብላችሁ ከወንድማችሁ ጋር አትጣሉ። በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ ከውርስ አይቆጠርም።

እናታችሁ በሕይወት አሉ? ካሉ ከጋራ ሀብቱ ግማሹ መጀመሪያ ለእሳቸው ይወጣል። ውርስ የሚባለው ከዚያ የሚተርፈው ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
አሉ፤ ያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ከኪራዩ የደረሳቸው ነገር ግን የለም።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
እንግዲያው አቤቱታውን እሳቸው ያስገቡት። ከአንቺ የሚመጣ ውክልና አይጠበቅም፤ ወንድሟን ከሰሰች የሚልሽም አይኖርም። የተሾመበትን ትእዛዝ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስወጡና በዋትስአፕ የላከልሽን የደብተር ገጽ አትማችሁ አቤቱታው ላይ አያይዙት።