የአንጀት ባክቴሪያ በራሱ መርዝ ለምን አይሞትም?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ኮሊሲን የሚባል ፕሮቲን እያመነጨ ተቀናቃኞቹን እንደሚገድል ለተማሪዎቼ ስገልጽ፣ አንዲት ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን አከታትላ አቀረበችልኝ፤ አንደኛው ባክቴሪያው በራሱ መርዝ እንዴት አይሞትም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ መርዙን የያዘው ሌላውን ፈጅቶ አንጀቱን ብቻውን ያልወረሰው ለምንድን ነው የሚል ነው። «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አሳድሬዋለሁና ብታግዙኝ ደስ ይለኛል።

መላሽ አንድ (ባሕር ዳር)፦
መምህር፣ ተማሪዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክታለች። ኮሊሲንን በ1925 እ.ኤ.አ. ያገኘው ቤልጂጋዊው አንድሬ ግራሲያ ነው። የኮሊሲኑ ጂን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በምንለው ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ላይ ሲሆን፣ ከጎኑ የማርከሻው ፕሮቲን ጂን ተቀምጧል፤ ስለዚህ መርዙን የወረሰ ማርከሻውንም አብሮ ይወርሳል። የጠላቱን ዲኤንኤ ወይም ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራውን የሴል ክፍል) የሚቆርጠው ዓይነት ኮሊሲን ገና ሲሠራ ማርከሻው ይጣበቅበትና ሥራ ያስፈታዋል፤ ሽፋን የሚበሳው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማርከሻው በባክቴሪያው የውስጥ ሽፋን ላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ «አይሞትም» የሚለው ራሱ መታረም አለበት። ኮሊሲን በአብዛኛው የሚወጣው የአምራቹ ግድግዳ ሲፈርስ ነውና አምራቹ ይሞታል፤ የሚገድለው ግን መርዙ ሳይሆን መርዙን ለማውጣት የተሠራው ሌላ ፕሮቲን ነው። ይህን የሚያደርጉት ዲኤንኤያቸው በተጎዳበት ጊዜ የሚነሡ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ማርከሻውን የያዙት እኅት ሴሎች በተለቀቀላቸው ቦታ ይራባሉ።

ወደ ጠላቱ የሚገባበት መንገድም የሚያስገርም ነው። አንዳንዱ ኮሊሲን ባክቴሪያው ቫይታሚን ቢ12ን በሚያስገባበት በር፣ ሌላው ብረትን በሚያስገባበት በር አስመስሎ ይገባል። እንዲህ ያለ በር ያላቸው የቅርብ ዘመዶች ስለሆኑ መርዙ የሚይዘው እነርሱን ነው፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ተገላብጧል ማለት ይቻላል፤ አንድ ምግብ የሚሻሙት ዘመዳሞች ናቸውና።

መላሽ ሁለት (እንጅባራ)፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ሦስት ዓይነት ኢ. ኮላይ አቀላቅሎ ነበር፤ መርዝ አምራች፣ መርዙ የሚገድለውና በሩን ለውጦ መርዙን የሚቋቋም። አምራቹ ተጠቂውን ይገድላል፤ ተቋቋሚው መርዝ የመሥራት ወጪ ስለሌለበት አምራቹን በመራባት ይቀድመዋል፤ ተጠቂው ደግሞ በሩ ያልተበላሸ በመሆኑ ተቋቋሚውን ይቀድመዋል። ሦስቱ በማይናወጥ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሲያድጉ አብረው ኖሩ፤ በሚናጥ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆኑ ግን ተጠቂው አለቀ፣ ቀጥሎ አምራቹ ተሸነፈ፣ ተቋቋሚው ብቻውን ቀረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በአይጥ አንጀት ውስጥም ተመሳሳይ ዑደት ታየ። አንጀት እንደ ጠርሙስ የሚናጥ ሳይሆን እጥፋትና ንፍጥ የበዛበት ስለሆነ፣ ድል በያለበት ሰፈር ይቀራል።

መላሽ ሦስት (ዳንግላ)፦
እኛ አገር በወይራ በታጠነ ዕቃ የሚረጋው እርጎስ እንዲህ ያለ ፕሮቲን ይሰጠናል?

መላሽ አንድ፦
ወተት ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ላክቶኮከስ ላክቲስ፣ ሁሉም ዝርያው ባይሆንም፣ ናይሲን የተባለውን ይሠራል፤ ይህም አይብን ከብልሽት ለመጠበቅ ሲያገለግል ቆይቷል። ነገር ግን ናይሲን በትንሹ አንጀት ውስጥ ፕሮቲን በሚፈጩ ኢንዛይሞች ስለሚፈጭ፣ የጠጣነው ናይሲን ታችኛው አንጀት ደርሶ ይዋጋል ብሎ መናገር አይቻልም። እርጎን ከብልሽት በመጠበቅ ረገድ ዋናውን ድርሻ የሚይዘው አሲዱ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መርዙን ሳይሠራ ማርከሻውን ብቻ የያዘ ባክቴሪያ ይኖራል?

መላሽ ሁለት፦
አዎን፣ አለ። በሰው አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ባክቴሮይድስ የተባሉት፣ ጎረቤታቸውን በመርፌ በሚመስል መሣሪያ እየወጉ መርዝ ይሰጣሉ። ከእነዚሁ መካከል የሌሎችን መርዝ ማርከሻ ጂኖች በተርታ ሰብስበው የያዙ፣ መርዙን ግን የማይሠሩ እንዳሉ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። በእንጅባራው ክፍሌ ይህን ስናገር ከፍተኛ ሳቅ ነበር፤ ተማሪዎቹ «ጦር ሳይገዙ ጋሻ ብቻ የገዙ» ብለው ስም አወጡላቸው።