የቦርከና ዳር ፍርስራሽ ፎቶ አስቸግሮኛል

ሰላም ወገኖቼ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ የድሮ የውሃ ወፍጮ ፍርስራሽ ፎቶ ማንሳት አቅቶኛል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከኋላው ወንዙ ፀሐይ ይዞ ያንጸባርቃል። ካሜራውን ለድንጋዩ ሳስተካክል ውሃው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ለውሃው ሳስተካክል ያ ውብ የድንጋይ አደራረብ ይጨልማል።

አይ ኤስ ኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8 ላይ ነኝ፤ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አለኝ። ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ነጸብራቁን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብርሃን ስለሚበላ የካሜራው መዝጊያ ይዘገይና ወራጁ ውሃ እንደ ጭጋግ ይወጣል። ሌሎች ይወዱት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ድፍርሱ ቦርከና ራሱን አይመስልም።

ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን እየቀያየርኩ ሦስት ፎቶ አንስቼ ባዋህድስ? ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ድርብ ሆኖ አይታይም? ወይስ ፀሐይ ሳትወጣ መሄዱ ይሻላል? የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ ልጨርሰው እፈልጋለሁ።