የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሰከንዶች፦ የሆስፒታል ጄኔሬተር አነሣስን በኮምፒውተር ለመፈተሽ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በተስማማነው መሠረት፣ መብራት ሲቋረጥ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር እንዴት እንደሚነሣ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚፈትሽ ፕሮፖዛል በጋራ እንጽፋለን። የመጀመሪያው ረቂቅ «የከተማውን የኃይል መረብ ከነጄኔሬተሮቹ» ይላል። ለእኔ ሰፍቶብኛል፤ እናንተስ?

የሆስፒታል ጥገና ባለሙያ፦ እኔም ሰፍቷል እላለሁ። አንድ ሆስፒታል ይበቃናል። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ «ተመስገን» አልን። ሆስፒታሉን ከመብራት መስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያሻግረው አውቶማቲክ ማዘዋወሪያ ጭነቱን (ኤሌክትሪክ የሚጠቀሙትን መሣሪያዎች) ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያሸክመው ግን የሞተሩ ድምፅ ቁልቁል ወረደ፣ አምፖሎቹ ደበዘዙ፣ የውኃ ፓምፑ ኮንታክተር (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ) ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ። በስልክ መብራት ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አጥፍተን እንደገና አስነሣነው፤ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን፣ ቀጥሎ ጽኑ ሕሙማንን፣ ፓምፑን በመጨረሻ ሰጠነው። ያንን ጄኔሬተር በየሳምንቱ እየሞከርነው ኖረናል፤ ሙከራው ግን ሁልጊዜ ያለ ጭነት ነበር።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ ወንድማችን የነገሩን በወረቀትም ይታያል። ባለ 200 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ ነው) ጄኔሬተር እንውሰድ፤ የሽግግር ሪአክታንሱ፣ ማለትም ጭነት በድንገት ሲመጣ ከረንቱን የሚገታው የውስጥ ተቃውሞ፣ 20 በመቶ ይሁን። የ37 ኪሎዋት ፓምፕ በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው 6 እጥፍ ያህል ከረንት ስለሚስብ በዚያች ቅጽበት ወደ 290 ኬቪኤ ይጠይቃል። ቮልቴጁም 22 በመቶ ገደማ ይወድቃል። ተመሳሳይ ሞተር ያለው አሳንሰር አብሮ ከተነሣ ውድቀቱ 37 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ብዙ ኮንታክተር መልቀቅ የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው። ዓለም አቀፉ የጄኔሬተር ደረጃ አይኤስኦ 8528-5 ጂ2 ለተባለው የአፈጻጸም ክፍል የሚፈቅደው የቮልቴጅ ውድቀት 20 በመቶ፣ የፍሪኩዌንሲ ደግሞ 10 በመቶ ነው፤ ማለትም 50 ኸርዝ እስከ 45 ድረስ። በእጅ የሚሰላው ግን የመጀመሪያው ውድቀት ብቻ ነው። ኤቪአሩ (የቮልቴጅ ተቆጣጣሪው) ቮልቴጁን መልሶ ሲያነሣ፣ ገቨርነሩ (የሞተር ፍጥነት ተቆጣጣሪው) ናፍታ ሲጨምር፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚናበቡ የሚያሳየን ሲሙሌሽኑ፣ ማለትም በኮምፒውተር የምናደርገው ማስመሰል ነው። አሜሪካኖች ኤንኤፍፒኤ 110 በተባለው የመጠባበቂያ ኃይል ደረጃቸው ሕይወት ለሚያድኑ ጭነቶች የሰጡት ጊዜ 10 ሰከንድ ነው፤ እኛም በዚያው እንለካ።

የናፍታ ሞተር መካኒክ፦ ልጆቼ፣ ስሌቱ ሁሉ የባሕር ዳርቻ አየር ይዞ እንዳይሄድ እፈራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከዚያኛው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። አምራቹ ለከፍታ የሚቀንሰው የኃይል መጠን ሞተሩ ሞቆና ተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ላለበት ሰዓት ነው። ጭነቱ የሚመጣው ግን ተርቦው ገና ሳይነቃ ነው! ያኔ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ናፍታ ቢጨመርለት ጥቁር ጭስ ይተፋል እንጂ ጉልበት አያገኝም። ይህን ያልያዘ ሞዴል ሆስፒታሉን ያታልላል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ በረቂቁ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። የተርቦውን መዘግየት ለብቻው እናስገባዋለን።

አንዲት አባል፦ ሰመራም ይግባ፤ ከ500 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

አስተባባሪ፦ እህቴ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ዓመት አቅማችን በላይ እንዳይሆን። አዲስ አበባን እንጨርስ፣ ቀጥሎ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋውን የደብረ ብርሃንን ብርድ እንይ፤ ሰመራ በሦስተኛ ይምጣ። ሶፍትዌሩን በተመለከተ ፈቃዱ ውድ የሆነውን ትተን ኦፕንሞዴሊካ የተባለውን ነጻ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር እንጠቀም፤ ሆስፒታሉም በኋላ ያለ ክፍያ ሊከፍተው ይችላል።

የሆስፒታል ጥገና ባለሙያ፦ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖና ባትሪው የት ገቡ? ባትሪው ከደከመ ሞዴሉ ዜሮ ሰከንድ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ሲዞር የባትሪው ቮልቴጅ ስንት ድረስ እንደሚወርድ ይለካ።

አስተባባሪ፦ ይግባ። እንግዲህ የዓላማው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የመጠባበቂያ ጄኔሬተር አነሣስ፣ ባትሪው ሞተሩን ማዞር ከጀመረበት ቅጽበት የመጨረሻው ፓምፕ እስከሚነሣ ድረስ፣ ከፍታውንና የተርቦውን መዘግየት ባካተተ ሞዴል ይፈተሻል። ውጤቱ በእውነተኛ ጭነት ከሚደረግ ሙከራ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም ጭነቶቹ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ሰከንድ ልዩነት መግባት እንዳለባቸው ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ይሰጣል።»

የናፍታ ሞተር መካኒክ፦ «በእውነተኛ ጭነት» የምትለዋ ቃል እንዳትወጣ። የሙከራው ዕለት እኔ ሞተሩ ዘንድ እቆማለሁ።

የሆስፒታል ጥገና ባለሙያ፦ የፓምፖቹንና የአሳንሰሩን የሞተር ሰሌዳ ነገ ጠዋት አንብቤ እልካለሁ። ቀዶ ሕክምና የሌለበትን ቀን ለመምረጥ ከነርሶቹ ኃላፊ ጋር እነጋገራለሁ።